ሰማንያ አምስት ጥርስ

ሐሙስ፣ ሐምሌ 6 ቀን 1970

ይህ ደብተር የበርና የመስኮት ልክ የምይዝበት ነው። ከኋላ በኩል ባዶ ስለሆነ ገልብጬ እጽፍበታለሁ። የአናጢ የልክ ደብተር ገልብጦ የሚያነብ ሰው የለም።

ዛሬ ቀበሌ ተጠራሁ። አዳራሹ ውስጥ፣ ማለትም በድሮው የእሜቴ ወለተጻድቅ ሳሎን፣ ሊቀመንበሩ ይመርና የኪነት ቡድኑ መሪ ደመቀ ፒያኖውን ከበው ቆመዋል። ቤቱ ከተወረሰ ጀምሮ ይህ ፒያኖ የስብሰባ ጠረጴዛ ነበር። የጀርባው ውጥንቅጥ ያሳፍራል፤ ማኅተም የተመታበት ቀለም፣ የሻይ ብርጭቆ ክብ ምልክት፣ አንድ ሁለት ቦታ ሚስማር። የጥርሱ ክዳን ተቆልፎ ቁልፉ ስለጠፋ ሦስት ዓመት ሙሉ የከፈተው የለም። አሁን ደመቀ ለመስከረም ሁለት፣ ለአራተኛው የአብዮት በዓል፣ ልጫወትበት አለ። በካቻቢቴ ፈልቅቀው ከፈቱት። ውስጡ ባዶ። በጣት የሚጫኑት ጥርስም የለው፣ ክሩን የሚመታ መዶሻም የለው። ሦስት ዓመት ሙሉ ድዳም ፒያኖ ፊት ተቀምጠው ሲወስኑ ከርመዋል።

«ጓድ መኳንንት፣ የዚህ ነገር ጥርሱ የታለ?» አለኝ ይመር። ስሜ «ጓድ» ከሚለው ጋር አብሮ አልሄድ ስለሚለው ሲጠራኝ ሁልጊዜ አፉ ጣመም ይላል።

ተንበርክኬ ጭንቅላቴን ከተትኩና ረጅም ጊዜ አየሁ። ከዚያ ቀና ብዬ «ተሰርቋል» አልኩ። ያስገደደኝ ማንም አልነበረም። «አላውቅም» ማለት ይቻል ነበር።

ማታ ለሸዋረጋ ከአልጋው ስር እንዳትጠርግ ነገርኳት።

«መቼ ጠርጌ አውቃለሁ?» አለችኝ ባለቤቴ።

ዓርብ፣ ሐምሌ 7

ገመቹን ያዙት። የግቢው ዘበኛ ነው፣ ከእሜቴ ጊዜ ጀምሮ። ቀበሌው ቤቱን ሲወርስ እሱንም ከነብርድ ልብሱ አብሮ ወረሰው። ሌባ ከገባ ወይ ተኝቷል ወይ ከፍቷል ነው የሚሉት። የእሜቴ ማድ ቤት አሁን እስር ቤት ስለሆነ እሱኑ እዚያ አስገቡት፤ ሲጠብቀው በኖረው ቤት።

ምንም አልተናገረም አሉ።

እሑድ፣ ሐምሌ 9

ቀኑን ሙሉ ዝናብ። ከቤት አልወጣሁም። ለሰው የማልናገረውን ለልክ ደብተሬ ልናገር። የፒያኖው ጥርስ አልተሰረቀም። እኔ ቤት፣ አልጋዬ ስር ነው።

በ1967 የትርፍ ቤት አዋጅ በወጣ በሳምንቱ እሜቴ አስጠሩኝ። ቤቱን ለቀው ዘነበወርቅ ሠፈር፣ የእህታቸው ልጅ ዘንድ ሊገቡ ነበር። «ይህን ፒያኖ ፈልጠው ይሞቁታል፤ ልቡን አውጥተህ አስቀምጥልኝ» አሉኝ። አደራ ነው። እምቢ አይባልም።

የዚህ ዓይነቱ ትልቅ ፒያኖ ጥርሱም መዶሻውም በአንድ ፍሬም ላይ ስለተሠራ ጥቂት ብሎን ሲፈታለት እንደ መሳቢያ ተስቦ ይወጣል። ይህን የሚያውቅ ሰው በከተማው ብዙ የለም። አንዱን ጫፍ እኔ፣ ሌላውን ገመቹ ይዘን አወጣነው። በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ የመስኮት ፍሬም አስመስዬ በጋሪ ጫንኩት። ገመቹ በሩን ከፍቶልኝ «በል ቀስ በል፣ እንዳይጮህ» አለኝ። አዎ፣ ገመቹ ያውቃል። ከእኔና ከእሜቴ ሌላ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው። ሸዋረጋን አልቆጥርም፣ እሷ የማታውቀው ነገር የለም።

ሥራውን ያስተማረኝ ሙሴ ሃጎፕ ነው፣ ነፍሱን ይማር። አርመን ነበር፤ ከፒያሳ ወደ እሜቴ ቤት ይዞኝ ሲመጣ ገና ጢም አላበቀልኩም። መጀመሪያ ያሳየኝ ድምፁን ሳይሆን ጎኑን ነው። ያ ትልቅ የጎን ቁልምም ከአንድ እንጨት የተጠረበ መስሎኝ ነበር። አይደለም። ስስ ስስ ሳንቃ በኮላ ተደራርቦ፣ ኮላው ሳይደርቅ በቅርጹ ላይ ተጠምዝዞ፣ በማሰሪያ ተጠፍሮ ወራት የቆየ ነው። «አንዱ ብቻውን ቢሆን ተመልሶ ይቃናል፤ ሁሉም አብረው ስለተጣበቁ መመለሻ የለውም» አለኝ። ሆዱ ውስጥ ያለው ሳንቃ ደግሞ ጠፍጣፋ ይመስላል እንጂ መሐሉ ላይ በዓይን የማይታይ ጉብታ አለው። ክሮቹ ከላይ ይጫኑታል፣ እሱ ከታች ይገፋል፤ ድምፁ የሚመጣው ከዚያ ግፊያ ነው። በየጥርሱ እንጨት ውስጥ ሚዛኑን የሚጠብቅ ትንሽ እርሳስ ተቀብሯል። ጥርሶቹ ሰማንያ አምስት ናቸው። ኋላ ላይ የመጡት ሰማንያ ስምንት አላቸው፤ ይህ የጥንት ነው።

አንድ ደንብ አለ። የከፈተው ባለሙያ ሁሉ በመጀመሪያው ጥርስ ጎን ላይ፣ ከጎረቤቱ ጋር ተጠግቶ በማይታይበት በኩል ስሙን ይጽፋል። ከላይ የሠራው ጀርመን አለ፣ በነሱ አቆጣጠር 1897። ከሱ በታች ሙሴ ሃጎፕ በአርመን ፊደል። ከሁሉም በታች «መኳንንት፣ ታኅሣሥ 1949»። የመጻፊያ እርሳሱን ሲሰጠኝ እጄን በሱሪዬ ጠርጌ ተቀበልኩት። ከዚያ ወዲህ ስሜ የተጻፈበት ወረቀት ሁሉ ቢደመር ያንን አያህልም።

ገመቹ ቢናገርስ?

ዓርብ፣ ሐምሌ 14

ይመር አስጠራኝ። «አዲስ ልትሠራለት ትችላለህ ወይ? ፈረንጅ የሠራው የኛን እጅ ያቅተዋል?» አለ። ደመቀ አጠገቡ ቆሞ ዓይን ዓይኔን ያያል። «ጋሽ መኳንንት፣ እባክዎ፣ ለበዓሉ ሌላ ነገር የለኝም» አለኝ።

«እችላለሁ» አልኩ።

ነገሩን በደንብ አስቤዋለሁ። አዲስ ሠራሁ ብዬ አሮጌውን እመልሰዋለሁ። ፒያኖው ጥርሱን ያገኛል፣ ቀበሌው በዓሉን ያገኛል፣ የስርቆቱ ወሬ ይበርዳል፣ ገመቹም ይፈታል። ማንም አይጎዳም። ሄጄ «እኔ ጋ ነው» ብል ግን የሕዝብ ንብረት ደብቋል፣ የአድኃሪያን አሽከር ነው ይሉኛል። አሻጥር የሚለው ቃል በዚህ ዓመት ያልተጠራበት ሰው የለም። ከተጠራባቸውም ያልተመለሱ አሉ።

ስወጣ ይመር አንድ ወረቀት አቀረበልኝ። እንደ ባለሙያነቴ መሰረቁን አረጋግጬ እንድፈርም። ለፋይል ነው አለ። ፈረምኩ። ለፋይል ብቻ ነው።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 22

የሱቄን በር ወለል አድርጌ ከፍቼ ዝግባ እላጋለሁ። ለማንም የማይሆን ዝግባ። መንገደኛው ቆም ብሎ ያያል፣ «በርታ» ይላል። ሰጋቱራው እግሬን ሸፍኖታል።

ይቻል እንደሆነ ለማየት አንድ ጥርስ ከልቤ ሠራሁ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ስትነካው ይወርዳል፣ ግን ቦታው አይመለስም፤ ሰነፍ ነው። በዚህ አካሄድ ሰማንያ አምስቱ ከነመዶሻቸው የዓመት ሥራ ናቸው፣ ያውም ሰነፍ። ያ ጀርመን ምን ዓይነት ሰው ነበር?

እውነተኛ ሥራም አለኝ። አሥራ አንድ መዶሻ ሱፉን ብል በልቶታል። ሦስት ዓመት አልጋ ስር ሲቀመጥ አንድ ቀን እንኳ ጸሐይ አላሳየሁትም። የሠርጌን የሱፍ ባርኔጣ አውጥቼ ቆረጥኩት። ሸዋረጋ አየችኝ። «እሱ እንኳ ይቅር ነበር» አለች።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 26

ዘመነች መጣች፣ የገመቹ ሚስት። ምሳ አድርሳለት ስትመለስ ነው። ሸዋረጋ ጋ ተቀምጣ ቆይታ፣ ስትወጣ ወደ ሱቁ ብቅ አለች። የዝግባውን ክምር አየችው።

«ገመቹ ልኮኛል» አለች።

«እንዴት ነው?»

«እግሩን ያመዋል። ወለሉ ውሃ ያስገባል። ‹ሥራውን ይጨርስ በዪው› ብሎኛል። እኔ ምን እንደሆነ አልገባኝም።»

«ይገባኛል» አልኩ። ዓይኗን አላየሁትም።

ገመቹ ወዳጅ ነው። አልተናገረም፣ አይናገርምም። እንዲህ ያለ ሰው ስላለኝ ደስ ሊለኝ ሲገባ ምሳዬን መብላት አቃተኝ።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 6

ዘነበወርቅ ሄጄ እሜቴን ጠየቅኋቸው። ባለ አንድ መስኮት ክፍል ውስጥ፣ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ዳዊት ይደግማሉ። አደራዎን ልመልስ ነው አልኳቸው።

«የምን አደራ?»

«የፒያኖውን ልብ ነዋ። ያን ጊዜ እንዳስቀምጥልዎ ያዘዙኝን።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «እኔ መች አዘዝኩህ? ቤቱን ከወሰዱ እንጨቱ ምን ይሠራልኛል፣ ይውሰዱት ብዬህ ነበር። አንተ ነህ እንባ እየተናነቀህ የለመንከኝ። ‹ሊፈልጡት ነው፣ ለኔ ይስጡኝ› ስትለኝ አሳዘንከኝና እንደወደድክ አድርግ አልኩህ።»

አርጅተዋል። ሰባ አምስት አልፏቸዋል፤ ሰው በዚያ ዕድሜ ይረሳል። ሻይ ሲያቀርቡልኝ ግን ስኳር እንደማልወስድ አልረሱም።

«ገመቹስ ደህና ነው?» አሉኝ በሩ ላይ።

«ደህና ነው» አልኩ።

እሑድ፣ ነሐሴ 14

በዓልም ሰንበትም ሳልል እየሠራሁ ነው፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ከአልጋው ስር አውጥቼ ወደ ሱቅ አስገባሁት። አዲስ እንዲመስል ማድረግ አለብኝ። ላዩ ላይ የተለጠፈው የዝሆን ጥርስ ለምን ቢጫ ሆነ ቢሉኝ «ከሙሴ ሃጎፕ የተረፈ ዕቃ ነው» እላለሁ፣ ያምኑኛል። እንጨቱን ግን መፋቅ ነው። በየጥርሱ ጎን ላይ ጀርመኑ የመታው ቁጥር አለ፤ ከሰማንያ አምስት ወደ ታች እየቆጠርኩ በብርጭቆ ወረቀት አጠፋሁት። እያንዳንዱ ሲፋቅ ነጭ ይሆናል። ሰማንያ ዓመት የተዘጋ እንጨት ሽታው አሁንም ትኩስ ነው።

መጨረሻ የመጀመሪያው ጥርስ ላይ ደረስኩ። የጀርመኑን ስም ፋቅሁ። የሙሴ ሃጎፕን ፋቅሁ። እጄ ደከመኝ፣ መሽቶም ነበር፣ ከዚያ በታች ያለውን ተውኩት። ከጎረቤቱ ጋር ሲጠጋ አይታይም።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 25

ገባ። እንደ መሳቢያ ገባ፣ ያለ ምንም ድምፅ፣ ትናንት እንደወጣ ነገር። አራት ቀን ክሮቹን ስቃኝ ከረምኩ። የጀርባውን ሚስማር ነቅዬ ቀዳዳውን ደፈንኩ፣ የሆዱን ሳንቃ ስንጥቅ በስስ እንጨት ሞላሁ።

ደመቀ ተቀመጠ። አኮርዲዮን የለመደ እጅ ስለሆነ መጀመሪያ ፈራው። ከዚያ አንድ ዘለስ ያለ ነገር ጀመረ፣ በአምባሰል። ለስኳር ተሰልፈው የነበሩ ሰዎች ሰልፉን ትተው ገቡ። ያ ድምፅ ለካ እንደዚያ ነበር። ለካ ጆሮዬ ይዞት ኖሯል። የባርኔጣዬ መዶሻዎች ከሌሎቹ ትንሽ ለስለስ ይላሉ፤ ከኔ በቀር የሚለያቸው የለም። አለቀስኩ፣ አልዋሽም።

ይመር አቀፈኝ። «ይኸው! የሠርቶ አደሩ እጅ!» አለ ለሕዝቡ። አጨበጨቡ። ጎንበስ አልኩላቸው። ያን ሰዓት እኔ የሠራሁት ነው የመሰለኝ። ይህንንም መጻፍ አለብኝ፤ መሰለኝ ሳይሆን አመንኩት። ከቀበሌው በላይ ካለው ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት የመጡት ሰው ለነሱም አዳራሽ ሌላ እንድሠራ ጠየቁኝ፣ «ደስ ይለኛል» ብዬ ስመልስ ራሴን ሰማሁት።

ስወጣ በሩ ላይ ሁለት የአብዮት ጥበቃ ልጆች ያወራሉ።

«አዲስ ከተሠራለትማ የድሮው መሰረቁ ቁርጥ ሆነ።»

«የዘበኛው ነገር አለቀ በለኛ። ፋይሉ ተሟልቶ የለ? ቅዳሜ ጳጉሜ አራት ወደ ላይ ያልፋል።»

ዓርብ፣ ነሐሴ 26

ቁጭ ብዬ አሰብኩት። አዲስ ሠራሁ ስል አሮጌው ተሰርቋል ማለቴ ነው። ድምፁ ባማረ ቁጥር ገመቹ ሌባ ነው። እንዴት አላየሁትም? የመስኮት ልክ በሚሊሜትር የምይዝ ሰው ይህን እንዴት አላየሁም?

ወይስ አይቼው ነበር።

ረቡዕ፣ ጳጉሜ 1

«ወደ ላይ» ማለት የት እንደሆነ ማንም አይናገርም። ሠፈራችን ወደ ላይ ያለፉ አምስት ሰዎች አሉ። የተመለሰ የለም።

ሐሙስ፣ ጳጉሜ 2

ይመር ጋ ሄድኩ። ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል፣ ምናልባት አልተሰረቀም ይሆናል አልኩት።

«ታዲያ ምን ሆኖ ነው?»

ጠረጴዛው ላይ ያለውን ፋይል አየሁት።

«ፈርመሃል እኮ፣ ጓድ መኳንንት። ፊርማህ ባይኖር ኖሮ ሰውዬውን በምክር እለቀው ነበር። እኔ ስለ ፒያኖ ምን አውቃለሁ?»

ከዚያ ለበዓሉ መድረክ ላይ ከነማን ጋር እንደምቀመጥ ነገረኝ። አመሰገንኩት። አመሰገንኩት!

ሸዋረጋ ራት አቀረበች፣ ሁለታችንም አልነካነውም። «ሂድና ንገራቸው ልበልህ አልችልም። አትንገራቸው ልበልህም አልችልም። ዘመነችን ግን ከእንግዲህ ቀና ብዬ አላያትም» አለች። ሃያ ሁለት ዓመት አብረን ስንኖር ስታለቅስ ያየኋት ሦስተኛ ጊዜ ነው።

ዓርብ፣ ጳጉሜ 3

ዘመነች መጣች። ዛሬ ሸዋረጋ ጋ አልገባችም። ሱቁ ደፍ ላይ ቆመች፣ ነጠላዋ በዝናብ ርሷል።

«ሥራው አለቀ አሉኝ» አለች።

«አልቋል።»

«ለገመቹ ነገርኩት። ድምፁንም ሰምቶታል፣ ማድ ቤት ድረስ ይሰማል። ደስ አለው። በጣም ደስ ብሎት ነበር።» የነጠላዋን ጫፍ ጨመቀች። «‹ይኸው፣ እስኪጨርስ ጠበቅኩት። አሁን ምን እየጠበቀ ነው?› ብሎሃል።»

ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቀችኝም። ገብቷታል መሰለኝ።

ስለዚህ ወዳጅነት ብቻ አልነበረም፣ ወይም ከወዳጅነትም በላይ ነበር። ፒያኖው እንዲያልቅ ጊዜ ሰጠኝ። እርጥብ ወለል ላይ ተኝቶ ሁለት ወር አበደረኝ፤ ስጨርስ መጥቼ እንደማወጣው አልተጠራጠረም። እኔ ግን ሄጄ ጎንበስ ብዬ ጭብጨባ ተቀበልኩ። የእሜቴም ነገር እውነት ነው። አላዘዙኝም። ለምኜ ነው የወሰድኩት፣ ለራሴ፣ ስለምወደው። ይህን በሐምሌ አደራ ነው ብዬ ስጽፍም አውቀው ነበር።

አንድ ችግር አለ። አሁን ሄጄ «አሮጌውን ነው የመለስኩት» ብል ይመር ያምነኛል? ዘበኛውን ለማዳን የምዋሽ ይመስለዋል። ቁጥሩን ሁሉ ፍቄያለሁ። ፊርማዬ እዚያ ፋይል ውስጥ አለ። ምን ላሳየው?

ከሙሴ ሃጎፕ ስም በታች ምን እንደተውኩ ትዝ ያለኝ አልጋ ውስጥ ነው።

ቅዳሜ፣ ጳጉሜ 4፣ ጠዋት

ማልጄ አዳራሽ ሄድኩ። ደመቀ እየተለማመደ ነበር። ቅኝቱን ልፈትሽ ብዬ አስነሣሁት። ብሎኖቹን ፈታሁ፣ ፍሬሙን ሳብኩ፣ የመጀመሪያውን ጥርስ አወጣሁ።

«ጋሽ መኳንንት፣ ይሄ ሊጎድል ነው እኮ» አለኝ።

«ሰማንያ አራቱ ይበቁሃል።»

ጥርሱን ወደ መስኮቱ አዙሬ አነበብኩት። እሱም በትከሻዬ ላይ አነበበው፤ ስሜን፣ ወሩን፣ ዓመቱን። አስተማሪ ነው፣ ቶሎ ገባው። ፊቱ ነጣ። «እርስዎ...» ብሎ ተወው። ከዚያ ድንገት ተቀመጠና መጫወት ጀመረ፣ ጮክ አድርጎ፤ ስወጣ ማንም እንዳያናግረኝ ይሆናል። ወፍራሙ ድምፅ ሲመጣበት ባዶ ቦታውን በጣቱ ይነካዋል።

በማድ ቤቱ በኩል አለፍኩ። መስኮቱ ከፍ ያለ ስለሆነ ገመቹን አላየሁትም። አልጠራሁትም።

አሁን ቤት ነኝ፣ ኮቴን ልለብስ ነው የመጣሁት። ይመር ሦስት ሰዓት ላይ ይገባል፣ ገመቹን የሚወስደው መኪና በአራት ይመጣል። ይህ ደብተር ከበርና መስኮት ልኮቹ ጋር ሱቅ ይቀመጥ። የዝግባውን ሳንቃ ዘመነች ለበሯ ትውሰድ፣ ልኩ ገጽ አሥራ ሁለት ላይ አለ። ለእሜቴ አደራ የሚባል ነገር እንዳልነበረ ሸዋረጋ ትንገርልኝ፤ ያውቁታል፣ ግን ከኔ ይስሙት።

ጥርሱ ኪሴ ውስጥ ነው። እንጨቱ ተፍቆ ነጭ ሆኗል፣ ከታች በኩል ብቻ ጠቆር ያለ፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ የጻፈው።

ሸዋረጋ ብርድ ልብስና ወፍራም ሹራብ ጠቅልላ በሩ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ መጥረጊያ አንሥታ ወደ መኝታ ክፍል ገባች። ከአልጋው ስር እየጠረገች ነው።